ማኅበሩ ሳይበተን

አይሱዙው ከሮብ ገበያ ወጥቶ ቁልቁለቱን ሲጀምር ጥሩብርሃን በሁለት እጇ ዳሽቦርዱን ጨበጠች። ከኋላ ድንች ተጭኗል፣ እስከ አፉ። ይስማው በሁለተኛ ማርሽ ነው የሚያወርደው፤ ፍሬን ረገጥ፣ ለቀቅ፣ ረገጥ፣ ለቀቅ። መኪናዋ ታቃስታለች። ከጮቄ የወረደው ጉም መስታወቱን ሸፍኖታል፣ መጥረጊያው ደግሞ የሚሠራው አንዱ ብቻ ነው፣ የሾፌሩ።

ጋቢናው ውስጥ ሦስት ናቸው። መሪው ላይ ይስማው፣ መሀል ጥሩብርሃን፣ መስኮቱ ጋ አባቷ የኔታ ገዳሙ። ነጭ ጥምጣማቸው መኪናው በዘለለ ቁጥር ጣሪያውን ይነካል፤ መቋሚያቸውን በጉልበታቸው መሀል አቁመዋል። አገሩ በሙሉ የኔታ ነው የሚላቸው። እሷም የኔታ ነው የምትላቸው። ልጅ ሆና ከተማሪዎቹ ጋር ስለኖረች እንደ ተማሪዎቹ ጠራቻቸው፣ በዚያው ቀረ።

ዛሬ ሐሙስ ነው፣ ሚያዝያ ሃያ ሁለት። ነገ ጊዮርጊስ ነው። ነገ የጊዮርጊስ ማኅበር ሳይበተን አራት መቶ ሺህ ብር ይስማው እጅ ካልገባ፣ የጥሩብርሃን ሦስት ጥማድ መሬት፣ ከእናቷ የወረሰችው፣ ወንዙ ዳር ያለው፣ ለአሥር ዓመት የይስማው ይሆናል። እና አሁን ብሩን ልታመጣ ደብረ ማርቆስ የምትወርደው በማን መኪና ነው? በይስማው መኪና። ምን ታድርግ፣ ዛሬ ሌላ መኪና አልወጣም።

«የኔታ፣ ይመችዎታል?» አለ ይስማው።

«ይመቸኛል።»

«እኔ ምለው የኔታ፣ ይሄ አክሲዮን የሚሉት ነገር ግን ምንድነው? አይታረስ፣ አይታለብ፣ አይጫን። ሰው ያላየውን ነገር እንዴት ይሸጣል?»

«አንተ ዝም ብለህ ንዳ።»

ይስማው ሳቀ። ሲስቅ ክፉ አይመስልም። «እታለሜ፣» አላት ጥሩብርሃንን፣ «ብሩን ካመጣሽ ደስ ይለኛል። ካላመጣሽም ደስ ይለኛል። እንደኔ ሰላም ያለው ሰው የለም ዛሬ።»

«አመጣዋለሁ አያ ይስማው።»

«ታመጪዋለሽ፣ ታመጪዋለሽ» አለና ማርሽ ቀየረ።

ነገሩ የጀመረው የዛሬ ሦስት ዓመት ነው። ባሏ አወቀ ኩላሊቱን ሲታመም መሬቷን ለይስማው በወለድ አገድ ሰጠች። ብሩን እስክትመልስ እሱ ያርሰዋል፣ ወለድ አይጠይቅም፣ ምርቱ ነው ወለዱ፤ ቀኑ ካለፈ ግን በብሩ ፈንታ መሬቱን አሥር ዓመት ይይዘዋል። ውሉን የጻፉት ራሳቸው የኔታ ናቸው፤ ያን የሚያምር ቁም ጽሕፈታቸውን አሳምረው፣ ቀኑን አስረው፣ ግዝት ጨምረው። አወቀ ብሩን ጨርሶ ሞተ። ጥሩብርሃን ሦስት ዓመት የሰው መሬት በእኩል እያረሰች፣ የራሷን ማሳ በአጥር እያየች ኖረች።

አወቀ ግን አንድ ነገር ትቶ ነበር። አማኑኤል ከተማ ላይ ሱቅ በነበረው ጊዜ የገዛው የባንክ አክሲዮን፣ አራት መቶ። ወረቀቱ ሳጥን ውስጥ ተኝቶ ነበር፤ የሚሸጥበት ቦታም አልነበረም። አሁን የአክሲዮን ገበያ መጣ፣ ማርቆስ ላይም አረንጓዴ በር የሚባል የአክሲዮን ሻጭና ገዢ አገናኝ ድርጅት ቢሮ ከፈተ። የወራሽነት ወረቀት ከፍርድ ቤት ለማውጣት ብቻ ዓመት ፈጀባት፤ ከዚያ ፋይዳ፣ ከዚያ ሒሳብ መክፈት፣ ከዚያ ፊርማ፣ ሌላ ፊርማ። ሁሉም ያለቀው ባለፈው ሳምንት ነው። ቢሮው ላይ ያለው ደግሞ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ዓለምነው! የየኔታ ተማሪ የነበረው፣ ዳዊት ጨርሶ ቅኔ ሊጀምር ሲል ጥሎ ወደ ዘመናዊው የሄደው። ሲሄድ የኔታ አልረገሙትም፣ ስንቅ ነው ያስያዙት።

ማክሰኞ ጠዋት ደወለ። ስልኩን ላውድ ላይ አድርገው ነው የሰሙት።

«የኔታ፣ ገዢ ተገኝቷል። አዲስ አበባ ያለ ሰው ነው፣ በአንድ ሺህ ሁለት መቶ። እሺ ካላችሁኝ አሁኑኑ እሸጠዋለሁ።»

«ሰውየው የማን ልጅ ነው?» አሉ የኔታ።

«የኔታ፣ ይሄ ገበያ ነው እኮ። የማን ልጅ አይባልም።»

«አወቀ፣ ነፍሱን ይማረው፣ ወንድም አለው። ለሥጋ ዘመድ ሳይቀርብ ለባዕድ አይሰጥም። መሬትም ቢሆን፣ ከብትም ቢሆን እንዲህ ነው። አንድ ቀን ታገሠን።»

ጥሩብርሃንም ተስማማች። ኋላ በዚህ ራሷን ስትበላ ትኖራለች፣ ግን ተስማማች። ነውር ነው፣ የአወቀን ወንድም ሳይጠይቁ። ደምበጫ ያለው ፍቅረ ሥላሴ ተደወለለት። «ነገ ጠዋት እነግራችኋለሁ» አለ። ረቡዕ ጠዋት፣ «በሬ ገዛሁ እኮ፣ አልቻልኩም፣ አትቀየሙኝ» አለ። አለቀ።

ወዲያው ዓለምነው ደወለ። «የአዲስ አበባው ሰው ነገሩ ቀዘቀዝ ብሏል። እሺ ካላችሁ እኛው እንውሰደው፣ በአንድ ሺህ ሃያ።»

«እናንተ ማለት?» አለች ጥሩብርሃን።

«ድርጅቱ። እኔ ያለሁበት። ለራሱ ይገዛዋል።»

የኔታ ፊታቸው በራ። «አየሽ? ከዘመድ ወጥቶ ከልጃችን ገባ!» እሷ ዋጋው ወረደ ልትል አፏን ስትከፍት እጃቸውን አነሡ። «ከዘመድ ጋር ዋጋ አይከራከሩም።» ደግሞስ አራት መቶ ስምንት ሺህ ይሆናል፣ ዕዳውን ሸፍኖ ለጊዮርጊስ ዳቦ ይተርፋል። እሺ አለች። ወደ አራት ሰዓት ላይ መልእክት ገባ። ጎረቤት ተሰብስቦ ነበር። የኔታ ስልኩን ክንዳቸውን ዘርግተው ያዙና ስንክሳር እንደሚያነቡ ሆነው፣ በዜማ ለጥቂት ነው ያልሆነው፣ አነበቡ። «ጥሩብርሃን ገዳሙ። አራት መቶ አክሲዮን ተሽጧል። ገዢ፣ አረንጓዴ በር፣ ለራሱ።»

እልልታ! ሴቶቹ ቤቱን አናወጡት። «የኛ ልጅ ገዛው! ለባዕድ አልሰጠውም!» የኔታም ዓለምነውን በሌለበት መረቁት፣ ልጅህን ድረህ እይ፣ ስምህ አይጥፋ፣ ምን ያላሉት አለ።

ከዚያ ቀጠሉ። «ርክክብ፣ በሁለተኛው የሥራ ቀን። ሙሉ ማረጋገጫውን ከቢሮ ይውሰዱ።»

«መቼ ማለት ነው?» አለ አንዱ።

የኔታ ባሕረ ሐሳብ አርባ ዓመት ያስተማሩ ሰው ናቸው። ፋሲካ መቼ እንደሚውል የመቶ ዓመቱን በጣታቸው ያወጣሉ። አውራ ጣታቸውን ጠቋሚያቸው ላይ አኖሩ። «ጌታችን አርብ ተቀብሮ እሁድ ሲነሣ ሦስት ቀን የምንለው አርብን ቆጥረን ነው። ዛሬ ረቡዕ፣ አንድ። ነገ ሐሙስ፣ ሁለት። ነገ ነው።»

ማን ይከራከራቸዋል? ማንም።

ማርቆስ ሲደርሱ ሦስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ይስማው ገበያው ጋ አወረዳቸው። «ድንቼን አራግፌ ዕቃ ገዝቼ እመለሳለሁ፣ ሰባት ሰዓት እዚሁ ጠብቁኝ» አለ። ቢሮው መድኃኒት ቤት ላይ ሁለተኛ ፎቅ ነው። የኔታ ደረጃውን በመቋሚያቸው እየደገፉ፣ እያረፉ ወጡ። ውስጥ አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች፣ ዜማ ትባላለች፣ ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጣ። ተነሥታ እጃቸውን ሳመች።

«ብራችንን ልንወስድ ነው» አለች ጥሩብርሃን።

ዜማ ስሟን ጠየቀች፣ ጻፈች፣ አየች። ማተሚያው አንድ ወረቀት ተፋ። ማህተም አደረገችበትና ገፋ አድርጋ ሰጠቻት። «ማረጋገጫው ይኸው። ብሩ ግን ሰኞ ነው።»

«ምን?»

«ሰኞ ነው የሚገባው እህቴ። ይኸው፣ የርክክብ ቀን ሚያዝያ ሃያ ስድስት።»

«አይደለም፣» አሉ የኔታ በጣም ረጋ ብለው፣ ተማሪ ሲሳሳት እንደሚያርሙት፣ «ሁለተኛው ቀን ነው የተባለው። ረቡዕ አንድ፣ ሐሙስ ሁለት።»

«የተሸጠበት ቀን አይቆጠርም የኔታ። ሐሙስ ነው አንድ።»

የኔታ ጣታቸውን መልሰው አኖሩ። «እሺ። ሐሙስ አንድ። አርብ ሁለት። ነገ ማለት ነዋ። ነገ ማለዳ ስልኳ ላይ ይገባል፣ ከማኅበር በፊት።»

ዜማ ወንበሯ ላይ ተመቻቸች፣ ወዲያና ወዲህ። «ነገ ገበያው ዝግ ነው። የሠራተኞች ቀን ነው።»

«የማን?»

«የሠራተኞች። የዓለም ሠራተኞች ቀን።» ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ካላንደር አሳየቻቸው። ሃያ ሦስት ቀይ ነው።

የኔታ ቤት ያለውም ይሄው ካላንደር ነው። ሃያ ሦስት እዚያም ቀይ ነው። የኔታ ሲያዩት ለቅዱስ ጊዮርጊስ ብለው ቀይ ያደረጉት መስሏቸው ደስ ብሏቸው ነበር። ተንቀሳቃሹንም ቋሚውንም በዓል፣ የጠፋውንም የተረሳውንም ያውቃሉ፤ ይሄኛው ግን በመጽሐፋቸው የለም። ቀዩን ቁጥር ቀረብ ብለው አዩት። እጃቸው ላይ አውራ ጣታቸው እዚያው እንደተቀመጠ ቀረ፣ አርብ ላይ።

«ቅዳሜና እሁድም የሥራ ቀን አይደለም፣» አለች ዜማ ቀስ ብላ፣ «ስለዚህ ሰኞ ነው ሁለተኛው።»

ጥሩብርሃን ቁጭ በዪ ሳትባል ተቀመጠች። ወረቀቱን ማንበብ ጀመረች። እስከ ስድስተኛ ተምራለች፣ ግን የኔታ ባሉበት ቤት ማን ወረቀት ያነባል? አሁን አነበበች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች። የግብይት ቀን። ብዛት። ዋጋ። ከዚያ ከታች፣ ደህና ጎላ ብሎ፣ በአማርኛ፣ «በዚህ ግብይት ድርጅቱ የሻጭ ወኪል ሆኖ አልሠራም። ለራሱ ገዝቷል። መልሶ በመሸጥ ሊያተርፍ ይችላል።»

ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ዜማ፣» አለች፣ «አንድ ነገር ንገሪኝ። ያ የአዲስ አበባው ሰውዬ፣ በአንድ ሺህ ሁለት መቶ ያለው፣ ቀረ?»

ዜማ ወደ በሩ አየች። «የሌላ ደንበኛ ወረቀት ማሳየት አይፈቀድልኝም።»

«ወረቀት አለው ማለት ነው።»

ልጅቷ ጎንበስ አለች፣ ኪቦርዱ ላይ የወደቀ ነገር ያለ ይመስል። ጥሩብርሃንም ሌላ አልጠየቀቻትም።

ዓለምነው የገባው ያኔ ነው። ሱፍ ለብሷል፣ በግራ እጁ ሁለት ስልክ። የኔታን ሲያይ ስልኮቹን ጠረጴዛ ላይ ጥሎ ጉልበታቸው ላይ ወደቀ፣ ሳመ። ከልቡ ነው የሳመው፣ እሱን መካድ አይቻልም። «የኔታ! እስከዚህ ድረስ? ስልክ ቢደውሉልኝ እኔ እመጣ አልነበር?»

ጥሩብርሃን ወረቀቱን አነሣች። «ስንት አተረፍክብኝ?»

«እህቴ...»

«ሰባ ሁለት ሺህ ነው። ሒሳብ እችላለሁ። ማክሰኞ እሺ ብዬህ ቢሆን ብሩ ዛሬ ይገባ ነበር፣ ሰባ ሁለት ሺህ ጨምሮ።»

«ማክሰኞ እኮ እኔ ጠየቅኳችሁ። ለዘመድ እናቅርብ ያላችሁ እናንተ ናችሁ። ረቡዕ ጠዋት ሰውየው ዝም ብሎ ነበር፣ ድርጅቱ ነው ራሱን ለኪሳራ ያጋለጠው። ከሰዓት ደግሞ መጣ። ገበያ ነው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ወረቀቱ ላይ ጽፈናል። አልደበቅኩሽም። ደብቄሽ ቢሆን ክሰሺኝ፣ ራሴ ምስክር እሆንልሻለሁ። ለራሱ ይገዛል ብዬ በስልክም ነግሬሻለሁ፣ መልእክቱም ላይ አለ።»

«እኔ ለራሱ ስትለኝ ዘመድ ገዛልኝ ብዬ ነው የሰማሁት። ጎረቤቴ እልል ብሎልሃል! የኔታ መርቀውሃል!»

ዓለምነው ደነገጠ። ወደ የኔታ ዞረ። «መረቁኝ?»

የኔታ ቀና ብለው አዩት። «መርቄሃለሁ።»

ጥሩብርሃን ለመጨረሻ ጊዜ ጠየቀች፤ ለሦስት ቀን ብቻ አበድሩኝ፣ ብሩ ያለው በእጃችሁ ነው፣ ሰኞ ራሳችሁ ትቆርጡታላችሁ። ዓለምነው ድርጅቱ ብድር መስጠት እንደማይችል፣ ሕግ እንደሆነ፣ ፈቃዱን እንደሚነጠቅ አስረዳት። እውነቱን ነው። ሁሉም የተናገረው እውነት ነው፣ እሱ ነው የሚያቃጥለው። ሲወጡ ለጊዮርጊስ ጧፍ ይግዙበት ብሎ አምስት መቶ ብር በየኔታ እጅ ሊያስጨብጥ ሞከረ። የኔታ ብሩን ጠረጴዛው ላይ፣ ከስልኮቹ ጎን አስቀመጡለት።

ወደ ሮብ ገበያ ሲመለሱ መኪናው ባዶ ስለሆነ ያንጓጓል። ይስማው መቀመጫው ሥር ሦስት አዲስ ዶማና አንድ ጥቅል ሲባጎ አስቀምጧል።

«ሲባጎው ለምንድነው አያ ይስማው?»

«ለመስመር። የባሕር ዛፉ ጉድጓድ አሁን ካልተቆፈረ ክረምት ላይ አይደረስም። መስመር ካልያዘ ደግሞ አያምርም።»

ባሕር ዛፍ። ወንዙ ዳር። ያ መሬት አሥር ዓመት ባሕር ዛፍ ከያዘ በኋላ ገብስ እንደማያበቅል ለማንም አይነገርም፣ ሁሉም ያውቃል። ጥሩብርሃን ማህተም ያለበትን ወረቀት አወጣች። «ብሩ አለ አያ ይስማው። ይኸው። ሰኞ ይገባል። ሦስት ቀን ነው የምለምንህ፣ በጊዮርጊስ!»

ይስማው ወረቀቱን እየነዳ በአንድ ዓይኑ አየው። «የኔ እህት፣ እኔ ብሆን ሦስት ወር እሰጥሽ ነበር። ግን ቀኑ በግዝት ነው የታሰረው። እኔ ብፈታው ግዝቱ የሚወርደው በኔ ራስ ነው። አይደለም የኔታ?»

የኔታ ወደ መስኮቱ እንደዞሩ ናቸው። «ነው» አሉ።

«ብሩ ሲገባልሽ ባንክ አስቀምጪው» አለ ይስማው። ማርሽ ቀየረና ደግሞ፣ «ወይ አክሲዮን ግዢበት።»

አርብ፣ በሃያ ሦስት፣ ማኅበሩ የዋለው ሥራነሽ ቤት ነው። ሥራነሽ ድምፀ ትልቅ፣ እጀ ሰፊ ሴት ናት፤ ፍሪዳው ታርዷል፣ ዳቦው ተቆርሷል፣ ጠላው ሦስተኛ ዙር ላይ ነው። ይስማውም የማኅበሩ አባል ነው፣ ከጥሩብርሃን ጋር ከአንድ ጽዋ ነው የሚጠጡት። ፀሐይ ወደ ምዕራብ ዘንበል ስትል ይስማው ኪሱ ገባና ውሉን አወጣ። ሰው ሁሉ ወደሱ ዞረ። ወሬው ከሐሙስ ማታ ጀምሮ ተዳርሷል።

«በዓል አላበላሽም» አለ፣ «ግን ሳንበተን ይታይ።»

ጥሩብርሃን ተነሥታ የሷን ወረቀት አሳየች። ብሩ እንዳለ፣ ሰኞ እንደሚገባ ተናገረች። ይስማው ራሱን ነቀነቀ። «የሷ ወረቀት ሰኞ ይላል፣ የኔ አርብ ይላል። የሷ ማህተም አለው፣ የኔ ግዝት።»

«ቆይ ቆይ፣» አለች ሥራነሽ፣ ማንቆርቆሪያዋን እንደያዘች፣ «ያንተ ወረቀት አርብ ነው የሚለው? እስቲ ይነበብ!»

አንሙት የሚባል ደብተራ አነበበው። «...በሁለት ሺህ አሥራ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ ማኅበር ሳይበተን...»

«በቃ! አርብ የሚል የለበትም! ማኅበሩ ሳይበተን ነው የሚለው። ማኅበር የሚበተነው መቼ ነው? የኔታ ሲመርቁ ነው። የኔታ ካልመረቁ ማን ይበተናል?» ማንቆርቆሪያዋን መሬት አስቀመጠች። «አይመርቁና! ሰኞ ድረስ እንቀመጥ!»

መጀመሪያ ሳቅ ሆነ። ከዚያ ሳቁ ሌላ ነገር ሆነ።

«ጠላው ይበቃል?» አለ አንዱ።

«እጠምቃለሁ!»

«ከብቶቼን ማን ያጠጣል?» አለ አንሙት።

«ሚስትህ ታጠጣለች፣ አንተ መቼ አጠጥተህ ታውቃለህ!»

«እኔ እቀመጣለሁ» አለ አንድ ሽማግሌ ከጥግ፣ ጋቢውን እየተከናነበ። «ከዚህ የተሻለ ቤት የለኝም።» ሌላውም እቀመጣለሁ አለ። ሴቶቹ እኛም አሉ። ይስማው ሳቀ፣ ዙሪያውን አየ፣ ሳቁን አቆመ። ማንም ሊነሣ አልሞከረም። ጥሩብርሃን በሦስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሸክሟ ቀለለላት። ሦስት ቀን! ሰው ለለቅሶ ሦስት ቀን ይቀመጥ የለ? ለሷም ይቀመጥላታል። ማሳው ታያት፣ ዘንድሮ ድንቹን ከላይ፣ ገብሱን ከታች...

«እንግዲህ የኔታ ይፍረዱ» አለ ይስማው።

ሁሉም ወደ ዋናው መደብ ዞረ። የኔታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ። ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሱም። ጥሩብርሃን እጃቸውን አየች። አውራ ጣታቸው ጠቋሚያቸው ላይ ነው።

«ውሉን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ማኅበሩ ሳይበተን ብዬ ስጽፍ በልቤ የነበረው ዕለቱ ነው። ሰኞ በልቤ አልነበረም። እኔ ረቡዕ ዕለት ቀን አሳስቻለሁ። ባለማወቅ ነው። ዛሬ እያወቅኩ ባሳስት ሁለተኛ በደል ነው። የጊዮርጊስ ቀን አንድ ቀን ነው።»

«የኔታ!» አለች ሥራነሽ። «የወለዱት ልጅ ናት እኮ!»

«ስለወለድኳት ነው።»

እጃቸውን አነሡ። ምርቃቱን ጀመሩ።

«አባቴ» አለች ጥሩብርሃን።

ሰምተዋታል። እንዲህ ብላ ጠርታቸው አታውቅም። ድምፃቸው አንድ ቃል ላይ ተደናቀፈ። ከዚያ ቀጠሉ። ለከርሞ በሰላም ያድርሰን፣ የሞቱትን ነፍስ ይማር፣ የወለዳችሁትን ያሳድግ፣ የዘራችሁትን ያብቅል። በእያንዳንዱ መሀል ቤቱ አሜን ማለት አለበት፣ ልማድ ነው። አሜኑ ተንጠባጠበ፣ ከዚህ አንድ፣ ከዚያ አንድ። የዘራችሁትን ያብቅል ሲሉ ጥሩብርሃንም አሜን አለች። ማለቷን ያወቀችው ካለች በኋላ ነው።

ሰው ነጠላውን እያጣፋ፣ እርስ በርሱ ሳይተያይ ወጣ። ይስማው ውሉን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ሲወጣ የየኔታን ጉልበት ሳመ። አሳሙት።

ሰኞ ጠዋት፣ ሃያ ስድስት፣ ጥሩብርሃን አጥሩ ሥር ቆማ ነበር። ሲባጎው ተወጥሯል፣ ከወንዙ እስከ መንገዱ፣ ሰባት መስመር። ሦስት ሰዎች ይቆፍራሉ። አፈሩ ጥቁር ነው፣ እርጥብ፣ የእናቷ አፈር፤ በየጉድጓዱ ጎን ትንሽ ትንሽ ተከምሯል። አራት ሰዓት አካባቢ ስልኳ ጮኸ።

ቤት ስትገባ የኔታ ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል። ተማሪዎቹን ዛሬ አሰናብተዋቸዋል። ስልኩን በእጇ ሲያዩ እንደ ልማዳቸው ክንዳቸውን ዘረጉ፣ ሊያነቡላት።

አልሰጠቻቸውም።

«አነበብኩት» አለች።

ክንዳቸው ተዘርግቶ ትንሽ ቆየ። «ገባ?»

«ገባ የኔታ» አለች። «በቀኑ ገባ።»

አልፋቸው ገብታ ማጭዷን ከግድግዳው አወረደች። የሰው ማሳ ላይ በእኩል የዘራችው የመስኖ ገብስ ደርሷል፣ ዛሬ ካልታጨደ ይረግፋል።